አደራው ማን ዘንድ ይደር? የድረ ገጽ ማደሪያ በአገር ቤትና በባሕር ማዶ

ድረ ገጽ ያለው ሰው ወይም ተቋም ሁሉ፣ አሰበውም አላሰበውም፣ አደራ ሰጪ ነው። ጽሑፉና ፎቶግራፉ፣ የአባላቱ ዝርዝርና የሒሳብ ሰነዱ በራሱ ቤት አይቀመጡም። የሚቀመጡት መብራት በማይጠፋበት ክፍል፣ ሌት ተቀን ከኢንተርኔት መስመር በማይለይ፣ ሰርቨር በሚባል ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ የሌላ ሰው ነው፤ ባለቤቱ በወር ወይም በዓመት ኪራይ እየተቀበለ ቦታ ያካፍላል። ሆስቲንግ የሚባለው ይህ ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ፍራንክፈርት፣ አምስተርዳም ወይም ቨርጂኒያም ሊሆን ይችላል። ምርጫው ብዙውን ጊዜ በዋጋና በፍጥነት መልክ ይቀርባል፦ የትኛው ይረክሳል? የትኛው ይፈጥናል? ከሥሩ ግን ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ጥያቄ አለ። የራሱን ነገር፣ ይልቁንም ሰዎች አምነው የነገሩትን ነገር፣ ለሌላ እጅ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ማንን ማመን ይገባዋል? ቅርብ መሆንስ እንደ ታማኝነት ሊቆጠር ይችላል?

ጥያቄው መሬት እንዲይዝ ቁይን ማሰብ ይበቃል። ቁይ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የደባይ ጥላት ግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ብዙዎቹ የጎጃም ደጋ ከተሞች ሁሉ ተወላጆቿ አንድ ቦታ አይደሉም። ገሚሱ እዚያው ይኖራል፤ ገሚሱ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ነው፤ ከባሕር ማዶ ሆኖ የአገሩን ወሬ የሚጠብቅም አለ። በእንዲህ ያለች ከተማ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የተወላጆች ማኅበር ወይም አንድ ደብር ድረ ገጽ ልክፈት ብሎ ሲነሣ የሚያስቀምጠው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። የአካባቢው ታሪክ፣ ሽማግሌዎች የተናገሩት፣ የጥምቀትና የንግሥ በዓል ፎቶግራፍ ማንም አይቶ እንዲያውቀው የሚወጣ ነው። የተማሪዎች ውጤት፣ የአባላት ስልክ ቁጥር፣ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ የሚያሳየው መዝገብ ግን ለጥቂት ሰዎች ብቻ የተሰጠ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰርቨር ላይ ደባልቆ ማኖር የተለመደ ነው። ሁለቱ ግን እንደ ዓይነታቸው ሊለዩ የሚገባቸው አደራዎች ናቸው።

አደራ በኢትዮጵያ ሕግና ሃይማኖት ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ሊቅ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያሰናዳው፣ ወደ ግእዝ ተመልሶም በኢትዮጵያ ለዘመናት ሲፈረድበት የኖረው ፍትሐ ነገሥት ስለ አደራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አደራን ከውል ዓይነቶች እንደ አንዱ አድርጎ ይደነግጋል። ዝርዝሩ ቢለያይም አስኳሉ አንድ ነው፦ አደራ ተቀባይ ዕቃውን ይጠብቃል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገለገልበትም፤ ሲጠየቅ ይመልሳል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላካቸው መልእክታት የተማረውን ሃይማኖት ራሱን በአደራ እንደ ተሰጠ ነገር ያየዋል። በእስልምና ትውፊት ደግሞ የመካ ሰዎች፣ ትምህርታቸውን የሚቃወሙት ሳይቀሩ፣ ንብረታቸውን ነቢዩ ሙሐመድ ዘንድ ያስቀምጡ እንደ ነበር ይተረካል። ነቢዩ ወደ መዲና ሲሰደዱ ዐሊን ወደ ኋላ ያስቀሩት አደራውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነበር። ይህ ታሪክ ለተያዘው ጉዳይ ትልቅ ነገር ይናገራል። አደራው የተቀመጠው በሃይማኖት የማይመስሉት ሰው ዘንድ ነው፤ የተመለሰውም ስደት በተነሣበት፣ መካድ ቀላል በነበረበት ሰዓት ነው።

ከሦስቱ ግዴታዎች ለመመዘን የሚመቸው ሦስተኛው ነው። እጠብቃለሁ የማይል ሆስቲንግ ሻጭ የለም። መረጃውን ለራሱ ጥቅም ማዋል አለማዋሉ ከደንበኛው ዓይን የተሰወረ ነው። መመለሱ ግን ይታያል። ስለዚህ በአገር ቤትና በባሕር ማዶ መካከል የሚደረግ ምርጫ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ፈተና አለው፦ ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት፣ በተለይም ነገር በከፋ ሰዓት፣ አደራውን ምሉእ አድርጎ ሊረከብ ይችላል ወይስ አይችልም? ቦታ የሚመዘነው ይህን በሚያግዘው ወይም በሚያደናቅፈው መጠን ነው።

የቦታ ነገር መጀመሪያ የሚታየው በጉዞው ርዝመት ነው። አንድ የቁይ ተማሪ በስልኩ ላይ የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ሲነካ ጥያቄው በአየር ወደ ቅርቡ ማማ ይደርሳል፤ ከማማው የቴሌኮም መስመር ይዞ አዲስ አበባ ይገባል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ከሆነ ጉዞው እዚያ ያበቃል። ፍራንክፈርት ከሆነ ግን ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶች ምድር አልፎ የባሕር ውስጥ ኬብል ይይዛል፤ በጅቡቲ የወጣው ቀይ ባሕርንና ሜድትራንያንን ተሻግሮ አውሮፓ ይደርሳል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አንድ ደርሶ መልስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፤ ኬብሉ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድና በየመገናኛው ስለሚቆም ደግሞ በተግባር ከዚህ ብዙ ይበልጣል። አንድ ገጽ ለመክፈት እንዲህ ያለ ምልልስ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ ዋነኛ አንባቢዎቹ አገር ቤት ላሉ ድረ ገጽ የአገር ቤት ሰርቨር በተፈጥሮው ይፈጥናል፤ አንባቢዎቹ ዋሽንግተን ላሉ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ልዩነቱ የእውነት ነው። ይሁንና ከዚህ የሚከብዱ ነገሮች ስላሉ ብቻውን ውሳኔ ሊሰጥበት አይገባም።

የሚከብደው መቋረጥ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱ ምርጫዎች የሚያስከትሉት ነገር ይለያያል። አገሪቱ ከዓለም ስትቆረጥ ባሕር ማዶ ያለው ድረ ገጽ ለስደተኛው ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ አገር ቤት ያለው ባለቤቱ ግን ሊያየውም ሊያድሰውም አይችልም። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ ከውጭ ላለው ይሰወራል። ባሕሩ ራሱም ዋስትና አይሰጥም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ የተዘረጉ በርካታ ኬብሎች ተቆርጠው የምሥራቅ አፍሪካ ግንኙነት ተጎድቷል፤ የቆረጣቸው በየመን ሁቲዎች ተመትቶ ያለ ባለቤት ሲንሳፈፍ የነበረው ሩቢማር የተባለ መርከብ መልሕቅ ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል። እንዲህ ባለው ቀን ከባሕር ማዶ የሚመጣው ገጽ ሲንቀራፈፍ ወይም ሲጠፋ የአዲስ አበባው ሰርቨር ምንም ሳይነካው ይሠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ለቁይ አንባቢ አዲስ አበባም ሩቅ ነው። ክርክሩ ሁልጊዜ በሁለት ቦታ መካከል ይመስላል፦ አገር ውስጥ ወይም ውጭ። «አገር ውስጥ» ሲባል ግን በተግባር የሚታሰበው ዋና ከተማው ብቻ ነው። ቁይ በምትገኝበት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት በሞባይል ዳታ ብቻ ለሚጠቀም የቁይ ተማሪ ሰርቨሩ ቦሌ ቢሆን ፍራንክፈርት ቢሆን ለውጥ አልነበረውም፤ ሁለቱም አይገኙም። በዚያ ጊዜ ሊጠቅመው ይችል የነበረው ሦስተኛው ቦታ ነው፤ እርሱም ቁይ ራሷ ናት። ዎርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ አነስተኛ ድረ ገጽ ፋይሎቹና ዳታቤዙ ተጠቅልለው በአንዲት ፍላሽ ላይ ይገባሉ። ፍላሿ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ባለ አንድ ላፕቶፕ ላይ ትከፈትና፣ ላፕቶፑ ላይ እንደ ሰርቨር የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ይጫናል፤ ከዚያ አንድ የዋይፋይ ሳጥን ይሰካል። ተማሪው ስልኩን ከዋይፋዩ ጋር ሲያገናኝ ያው ገጽ፣ ያው ፎቶግራፍ፣ ያው የፈተና መለማመጃ ይከፈትለታል። ከግቢው ሳይወጣ፣ ያለ አንድ ሜጋባይት ዳታ ማለት ነው። ይህን ለማድረግ መብራትና ነገሩን የሚያውቅ አንድ መምህር ይበቃሉ። የቅርብ ማደሪያ ትክክለኛ ትርጉሙ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከጉዞና ከመቋረጥ ቀጥሎ የሥልጣን ጥያቄ ይመጣል። ሰርቨር የሚገኝበት አገር ሕግ ሰርቨሩን ይገዛዋል። ኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958ን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ሁለተኛው የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ መረጃ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፍበትን ሁኔታም ይወስናል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የተማሪ ውጤትና የአባላት ዝርዝር የያዘ ተቋም ይህን አዋጅ ሳያነብ ሆስቲንግ መግዛት የለበትም። በውጭ ያለው ሰርቨር በፊናው የዚያን አገር ሕግና የኩባንያውን ደንብ ይከተላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ የአሜሪካ ኩባንያዎች መረጃው በየትኛውም አገር ቢቀመጥ በሕግ ሲታዘዙ እንዲያቀርቡ ታስገድዳለች። በጥር 2013 ዓ.ም. ደግሞ አማዞን ፓርለር የተባለውን ማኅበራዊ መድረክ ከሰርቨሮቹ አስወጥቶታል። ማስወጣቱ ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች ያሉት መድረክ እንኳ በባለቤቱ ሳይሆን በአከራዩ ውሳኔ ሊዘጋ መቻሉ ነው።

የአገር ቤት መሬት በራሱ መከታ እንደማይሆን የሚያሳየው ጉልህ ታሪክ የተፈጸመው አዲስ አበባ ላይ ነው። በቻይና መንግሥት ወጪ ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሰርቨሮቹ እዚያው ሕንፃው ውስጥ ነበሩ። በጥር 2010 ዓ.ም. ለሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ መረጃው ለዓመታት በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ሲገለበጥ እንደ ነበር ዘገበ። ቻይና ዘገባውን አስተባብላለች፤ ኅብረቱ ግን ዘገባው እንደሚለው የራሱን አዲስ ሰርቨሮች ገዝቶ ነበር። ዘገባው እንዳለው ከሆነ ሣጥኑ አፍሪካ ምድር ላይ፣ ቁልፉ ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው። ዛሬም በአዲስ አበባ የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ ካሉት ዘመናዊ ዳታ ሴንተሮች እንደ ራክሲዮና ዊንጉ አፍሪካ ያሉት በውጭ ካፒታል የተቋቋሙ ናቸው። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ አገሪቱ የሚያስፈልጋትን መሠረት እየገነቡ ነው። ነገር ግን «አገር ውስጥ» የሚለው ቃል መሬቱን፣ ሕንፃውን፣ ኩባንያውን ወይስ ቁልፉን እንደሚያመለክት ሳይለዩ መመካት አይቻልም። የኢትዮጵያ ስም ይዞ ሆስቲንግ የሚሸጥ ሁሉ ሰርቨሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ማለትም አይደለም፤ ከውጭ ኩባንያ በጅምላ ተከራይቶ በችርቻሮ ማከራየት በየአገሩ የተለመደ ንግድ ነው። ገዢው ሰርቨሩ የት እንደሆነ በግልጽ ጠይቆ መረዳት አለበት።

የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ጥያቄ በኮምፒውተር ሳይሆን በብራና ላይ ቀድሞ ተወያይቶበታል። መጻሕፍት የሚጠበቁት በየደብሩ ዕቃ ቤት ነው። በብዙ አድባራትና ገዳማት የዕቃ ቤቱ በር በአንድ ሰው ቁልፍ ብቻ አይከፈትም፤ ቁልፎቹ ለተለያዩ ሰዎች ተከፋፍለው ይያዛሉ፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ይገኛሉ። በመጽሐፉ መጨረሻ ወይም በኅዳጉ ላይ ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደ ሰጠው ይመዘገባል፤ የሰረቀውና የፋቀው በግዝት እንዲያዝም ይጻፋል። ጦርነት ሲመጣ ግን አባቶች ቅርብ ይሁን ብለው አልተከራከሩም፤ ከአደጋው ወደሚርቅበት አሻገሩት። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት የጣና ደሴቶች ገዳማት የብዙ ቅርስ መሸሸጊያ የሆኑት ውኃ ስለከበባቸው ነው። እነዚያ አባቶች ርቀትን እንደ ክህደት አላዩትም። ርቀቱ የተመረጠው በባለቤቶቹ ነው፤ ቁልፉም ከእጃቸው አልወጣም።

በመቅደላ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ሀብት ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠይቀው አንድ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1872 ተመልሶላቸዋል፤ ሌሎቹ ግን አብዛኞቹ እዚያው ናቸው። መጻሕፍቱ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቀዋል የሚለው መከራከሪያ ከሦስቱ የአደራ ግዴታዎች የመጀመሪያውን ብቻ ያያል። ሲጠየቅ ያልመለሰ ጠባቂ፣ ጥበቃው የቱንም ያህል ቢያምር፣ አደራ ተቀባይ ሊባል አይችልም። ያም ጥበቃ ቢሆን ፍጹም አልነበረም። ቤተ መጻሕፍቱ ከእነዚህ ብዙዎቹን በዲጂታል ቀርጾ ለዓለም ከፍቷቸው ነበር፤ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን የኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ሥርዐቱን ሰብረው ገቡና የዲጂታል ብራናዎቹ አገልግሎት ለብዙ ወራት ተዘጋ። የለንደን ዝና፣ የለንደን ገንዘብ አላዳነውም። በስትራስቡርግም መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ኦቪኤች የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዳታ ሴንተር በእሳት ወድሞ፣ ሌላ ቦታ ባክአፕ (ተጠባባቂ ቅጂ) ያልነበራቸው ደንበኞች ሥራቸውን እስከ ወዲያኛው አጥተዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከጣናውም ከመቅደላውም የተሻለ ነው፤ ጎጃምም በታሪኩ ውስጥ አለች። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ሥራውን የደገፉት በጎጃም ደብረ ኤልያስ የተወለዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው፤ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ተባበሩ። መጻሕፍቱ ከየደብራቸው አልተነጠቁም፤ ፎቶግራፍ ተነሥተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ኮሌጅቪል ሄደ። አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ ከመንበራቸው ወርደው በ1971 ዓ.ም. ቢገደሉም ሥራው ቀጥሎ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሡ። ከተወለዱበት አገር ተሰደው በሚኒሶታ የተቀመጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ለመጻሕፍቱ ዝርዝር ሲጽፉ ኖሩ። ከዚያ የሆነው ነገር የዚህን ሁሉ ክርክር ፍሬ ያሳያል። ከደብረ ሊባኖስ ገዳም አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ጠፍቶ ከብዙ ጊዜ በኋላ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ ተገኘ። መጽሐፉ በገዳሙ ሳለ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ስለ ነበር የማን እንደ ሆነ ታወቀ፤ ዩኒቨርሲቲውም በጥር 2008 ዓ.ም. ለገዳሙ መለሰው። ባሕር ማዶ የተቀመጠው ቅጂ አገር ቤት የነበረውን ዋናውን አስመለሰ።

በፈቃድ የተሰጠ፣ ዋናው ከባለቤቱ ዘንድ የቀረ፣ ከአንድ በላይ ቦታ ያረፈ፦ እነዚህ ሦስቱ ሲሟሉ ርቀት ስጋት መሆኑ ቀርቶ ጥበቃ ይሆናል። መንግሥታትም ቢሆኑ እንዲህ ማድረግ ጀምረዋል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከባድ የሳይበር ጥቃት የደረሰባት ትንሽ አገር ናት። ከአሥር ዓመት በኋላ ከሉክሰምበርግ ጋር ተፈራርማ የመንግሥት መዝገቦቿን ቅጂ እዚያ አስቀመጠች፤ ሰርቨሮቹ እንደ ኤምባሲ የማይደፈሩ እንዲሆኑም ተስማሙ። ሉዓላዊነቷን አልሸጠችም፤ ቁልፉን ራሷ ይዛለችና።

ለአገር ቤት የሚቀርበው ብርቱ ክርክር ግን ገና አልተነሣም። ሁሉም ገጹን ውጭ ካስቀመጠ የአገር ቤቱ ሆስቲንግ መቼ ያድጋል? የኢትዮጵያ ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 ከተጀመረ ወዲህ ለረጅም ዘመን አንድ ድርጅት ብቻ ሲያቀርበው ቆይቶ፣ ሳፋሪኮም ገበያው ውስጥ የገባው በ2015 ዓ.ም. ነው። የአገር ቤት ሰርቨር ኪራይ ለአገር ልጅ የሥራ ዕድል ነው፤ ክፍያው በብር፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ይፈጸማል። የውጩ ግን ዶላር ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ በዶላር የሚከፈል ሆስቲንግም በብር ሲታሰብ በዚያው መጠን ተወደደ። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ማኅበር ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍልለት ይለምናል፤ ያ ዘመድ የረሳ ቀን ገጹ ይዘጋል። ይህ ክርክር ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ አቅም ያለው ተቋም ለአገሩ ሥራ መጀመሪያ ዕድል መስጠቱ ደግ ነው። ይሁን እንጂ የአንድን ተማሪ ውጤት ወይም የአንድን ደብር የታሪክ መዝገብ በማይታመን ሰርቨር ላይ አስቀምጦ አገር ወዳድነት ነው ማለት አይቻልም፤ የሚጠፋው ነገር የሌላ ሰው ነውና።

እንግዲህ ምርጫው የሚከፈለው እንደ አደራው ዓይነት ነው። ለሁሉ የተጻፈ ነገር ሲበተን ይጠበቃል፤ ታሪክ፣ ትምህርት፣ የበዓል ፎቶግራፍ በባሕር ማዶም በአዲስ አበባም በቁይም ቢኖሩ ማንም አይጎዳም፣ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ለጥቂቶች የተነገረ ነገር ግን በበዛ ቁጥር ለአደጋ ይጋለጣል። የአባላት ስልክና የመዋጮ መዝገብ ከመጀመሪያውም በድረ ገጽ ላይ መዋል አያስፈልጋቸውም፤ የግድ ከሆነ ሕጉ በሚገዛው፣ ጥፋት ቢደርስ ከሶ መካስ በሚቻልበት አገር፣ ተመስጥረው ይቀመጡ። ከቁይ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ ፍርድ ቤት መድረስ ይቻላል፤ ፍራንክፈርት ፍርድ ቤት የሚቆም የወረዳ ማኅበር የለም። ለዚህኛው ዓይነት አደራ የአገር ቤት ማደሪያ ብልጫ አለው።

ከማደሪያው ሁሉ በላይ ደግሞ የስሙ ጉዳይ አለ። ድረ ገጽ የሚጠራበት ስም፣ ዶሜን የሚባለው፣ ከሰርቨሩ የተለየ ንብረት ነው፤ ስሙ በእጅ ካለ ሰርቨር ቢጠፋ በሌላ ይተካል። በ«ነጥብ ኢቲ» የሚያልቁትን ስሞች የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ «ነጥብ ኮም» ያሉት ከውጭ ይገዛሉ። የትናንሽ ተቋማት ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። ገጹን የሠራው ወጣት ስሙን በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል፤ ሥራ ሲቀይር ወይም አገር ሲለቅ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። የማኅበሩ የዓመታት ድካም ያለ ጠላት፣ ያለ ጦርነት፣ ያለ እሳት ይጠፋል። መድኀኒቱ ከዕቃ ቤቱ ሥርዐት የሚወሰድ ነው። ስሙ በተቋሙ ኢሜይል ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉን ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና የሒሳብ ሹሙ ይያዙት፤ ሲለወጡ በቃለ ጉባኤ ይረካከቡ። በየዓመቱም አንድ ቀን ተወስኖ ሙሉው ባክአፕ ይውረድና ቁይ ውስጥ ባለ ላፕቶፕ ላይ ይከፈት። ያልተከፈተ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

ሆስቲንግ ሊከራይ የተነሣ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ወይም ደብር ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሻጩን፣ የአገር ቤትም ይሁን የውጭ፣ ይህን ይጠይቅ፦ ነገ እሄዳለሁ ብንል ገጹንም ዳታቤዙንም ስሙንም በስንት ቀን፣ በምን መልክ ትመልስልናለህ? መልሱን በጽሑፍ ይቀበል፤ በጽሑፍ የማይሰጥ ከሆነም አደራውን ለእርሱ አይስጥ።